ክቡር አርማንድ ቲቦዶ እና የኮረብታው መራጮች

ሕዝቡ ማንን እንደሚመርጥ ከሕዝቡ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ይህ ሰው ሁልጊዜ የሚገኘው ቁርስ ቤት ውስጥ ነው። በሩን ፊት ለፊት የሚያይ ወንበር መርጦ ይቀመጣል፤ ቡናው ሁልጊዜ ቀዝቅዟል፤ ለመጠጣት እኮ አፉን መዝጋት አለበት። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አጎታችሁ ነው። ምናልባትም፣ አያድርስና፣ እናንተው ራሳችሁ ናችሁ።

የኛው፣ የዌስት ኦርደኑ፣ ክቡር አርማንድ ቲቦዶ ይባላል። "ክቡር" የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ቢጠየቅ "ፕሮፌሰር" ይሻለኛል ባይ ነው። አርማንድ ዕድሜውን ሙሉ በሸለቆው ሬዲዮ የአየር ትንበያ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ድምፁ ወፍራምና የሚያሳምን ነበር፤ ትንበያው ግን እንደ ድምፁ አልነበረም። እሱ "ዝናብ" ካለ የዌስት ኦርደን ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ። እንጀራውን ያጣው የጣቢያው ባለቤት ልጇን ሜዳ ላይ በዳረችበት ቅዳሜ ነው። "ጠራራ! ደመና የሚባል ነገር የለም!" አለ በዋዜማው። ሙሽሮቹ ቀለበት ሊያጠልቁ ሲሉ የወረደው ዶፍ ድንኳኑን ነቅሎ ወንዝ ማዶ ወሰደው፤ አማቲቱም አብራ ልትሄድ ምንም አልቀራት። ሰኞ ዕለት አርማንድ ጡረታ ወጣ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ከሰማይ ወደ ሰው አዞረ። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ሁሉ በየአራት ዓመቱ ወደኛ ወደ ኒው ሃምፕሻየር በክረምት ስለሚጎርፉ፣ ሰው የሚተነበይበት አገር እንደ እኛው የለም። እሱም ትንበያውን ቀጠለ። የለወጠው ነገር ቢኖር የሚሳሳትበትን ጉዳይ ብቻ ነው።

እኔ የከተማው ጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ዶክተር ኤልዊን ክሮስቢ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ይህችን ዓምድ እጽፋለሁ። ሁለቱን ሥራዎች የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር የምነጅሰው ሰው መልስ መስጠት አለመቻሉ ነው። ከአርማንድ በስተቀር። አርማንድ ሁለት መሣሪያና አንድ ጥቅል ጥጥ አፉ ውስጥ እያለ ስለ ምርጫ የሚያወራ ብቸኛው በሽተኛዬ ነው።

"ኧፋሱ ኧሯል!" ይለኛል።

"ምን?"

ጥጡን ያወጣል። "ነፋሱ ዞሯል! መስማት አቃተህ?"

"ነፋሱ ዞሯል" የአርማንድ የሃይማኖት መግለጫ ነው። ነፋስ የሚለው ግስጋሴን ነው፤ አንድ ዕጩ በአንዱ ግዛት ሲያሸንፍ ወደሚቀጥለው ይዞት የሚመጣውን ሞቅታ። "ሰው አሸናፊን አይመርጥም፣ ዶክተር" ይላል ጣቱን እያወዛወዘ፤ "ሰው የሚመርጠው ከአሸናፊ ጎን ቆሞ መታየትን ነው።" ሁለተኛው እምነቱ ደግሞ "ክፍል" ነው። በአርማንድ ዓለም ውስጥ ሰው የሚባል ፍጥረት የለም፤ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ከስድሳ አምስት በላይና ከዚያ በታች፤ ኮሌጅ የገባና ያልገባ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድና ሲደወል ትራሱን ጆሮው ላይ የሚያደርግ።

"አንቺ" አላት አንድ ጠዋት ዶሪንን፣ የቁርስ ቤቱን ባለቤት፣ ፓንኬኩን ስታቀርብለት። "ከአርባ እስከ ስድሳ፤ የራሷ ንግድ ያላት፤ ሁለት ጊዜ የፈታች። ይህ ክፍል ሴናተር ዊትሎክን በጭራሽ አይመርጥም።"

"ለምን ሲባል?"

"የመጀመሪያ ባልሽን ይመስላላ።"

ዶሪን ትንሽ አሰበችና "ሁለተኛውን ነው" አለች።

በዚያ ክረምት ለአንዱ ፓርቲ ዕጩነት የቀሩት ተፎካካሪዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሴናተር ዊትሎክ ነው፤ ሽበቱ የተበጠረ፣ ንግግሩ እንቅልፍ የሚያመጣ፣ ሽማግሌዎች "ቁም ነገረኛ" የሚሉት። ሁለተኛዋ ማርሊን ስትራውድ ናት፤ ከምዕራብ የመጣች የአንድ ግዛት ገዥ፣ ፈጣን፣ ወጣቶቹን ያሳበደች። እኔ ደግሞ "ገና አልወሰንኩም" ነበርኩ።

ስለዚህ ነገር ትንሽ ላብራራ። በኛ ግዛት ውስጥ ገና ያልወሰነ ሰው እንደ ሙሽራ ነው። ይደወልለታል፤ በሩ ይንኳኳል፤ ቀዝቃዛ እጁን ትልልቅ ሰዎች ያሞቁለታል። ጋዜጠኛ ሲመጣ የሚፈልገው እሱን ነው። እኔም ግንባሬን ቋጥሬ "እያመዛዘንኩ ነው" ማለትን እንደ ሙያ ይዤው ነበር። ገዥ ስትራውድ ራሷ ዶሪን ቤት ገብታ እጄን ጨብጣኛለች። ስለ ጤና መድን ልጠይቃት ሳምንት ሙሉ የተዘጋጀሁበት ረጅም ጥያቄ ነበረኝ። ዓይኖቿን ዓይኖቼ ላይ ተክላ "ምን ያሳስብዎታል?" ስትለኝ ከአፌ የወጣው "በጣም ጥሩ ድድ አለዎት" የሚል ነበር። አመሰገነችኝ። ካሜራዎቹም እየቀረጹ ነበር።

አርማንድ የዚያን ዕለት ከት ብሎ ስቆ ሲያበቃ ክፍሌን ነገረኝ። "ወንድ። ስድሳን ያለፈ። የተማረ። 'ገና አልወሰንኩም' ማለት የሚወድ፤ ግን ከገና በፊት የወሰነ። ለዊትሎክ።"

በጣም ተናደድኩ። የተናደድኩትም እውነት ስለሆነ ነው። ይህ ሰው በሰማይም በምድርም አንድ ነገር በትክክል ሳይናገር ዕድሜውን ፈጅቶ፣ በትክክል የሚናገረው አንዱ ነገር እኔ ሆኜ ልረፍ?

ከዚያ የመጀመሪያው ግዛት ድምፅ ሰጠና ስትራውድ በሰፊው አሸነፈች። በማግስቱ አርማንድ የዶሪንን በር በርግዶ ገባ፤ ኮፍያውን እንኳ አላወለቀም።

"ነፋሱ ዞሯል!"

"በሩን ዝጋ፤ ነፋሱ እየገባ ነው" አለችው ዶሪን።

በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር መጣ። የሸለቆው ሬዲዮ አዲስ ኃላፊ፣ ኬንድራ የምትባል ወጣት፣ ደወለችለት። ከየከተማው አንዳንድ ነዋሪ እየመረጠች ምርጫውን ልታስተነብይ ነው። የሱ ትንበያ ከሰመረ በየሐሙሱ የራሱ ሰዓት ይኖረዋል አለችው። የቀድሞዋን የጣቢያ ባለቤትና የድንኳኑን ታሪክ አልሰማች ይሆናል፤ ወይም ሰምታ ስቃ ይሆናል።

አርማንድ ያን ቀን ሲነግረን አልፎከረም፤ ያኔ ነው ነገሩ እንደከበደው የገባኝ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የራሱ ብቻ ነው። ከተባረረ ጀምሮ ያን ጣቢያ አንድም ቀን ከፍቶ አያውቅም። አሁን ግን ሸሚዝ ተኩሶ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ሄደ። "ሸሚዝህ በሬዲዮ አይታይም" ስለው "ድምፅ ውስጥ ይታያል" አለኝ፤ እየቀለደ አልነበረም።

ትንበያውን ዶሪን ቤት ተሰብስበን ሰማነው። ያ ወፍራም ድምፅ ከሳጥኑ ሲወጣ ሁላችንም ማንኪያችንን አስቀመጥን። "ዌስት ኦርደን ለስትራውድ ነው" አለ። "የወንዝ ዳር አዲሶቹ ቤቶች፣ ወጣቶቹ፣ የወረቀት ፋብሪካው ሠራተኞች፣ ሁሉም ነፋሱን ይዘዋል። ኮረብታው ለዊትሎክ ነው፤ እዚያ ያሉት ከስድሳ አምስት በላይ የሆኑና ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ናቸው። ግን ጥቂት ናቸው።"

ኬንድራ ልታሰናብተው ስትል "ለመሆኑ የዕለቱ አየርስ እንዴት ይሆናል፣ አቶ ቲቦዶ?" አለችው በሳቅ።

ዶሪን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "እባክህ ዝም በል" አለች ለሬዲዮው።

"ጠራራ" አለ አርማንድ።

የምርጫው ዕለት ጠዋት በረዶው ጉልበት ደርሶ ነበር። የከተማው መጥረጊያ መኪና የወንዝ ዳሩን መንገድ ጠርጎ ሲያበቃ ተበላሽቶ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆመ። የኮረብታው መንገድ ግን መንገድ መሆኑ እንኳ አይለይም ነበር። ወጣቶቹ እየተላፉ፣ የፋብሪካው ሰዎች በቡድን በቡድን ሆነው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሲገቡ በዶሪን መስኮት ይታዩናል። ከኮረብታው አንድም ሰው የለም።

ነገሩን መጀመሪያ የተረዳሁት እኔ ነኝ፤ በዚህም በጣም ኮራሁ።

"አርማንድ!" አልኩት። "ገባህ? ዊትሎክን የሚመርጡት በሙሉ ቤታቸው ታግተዋል። በአየሩ ትንበያህ ስህተት የምርጫው ትንበያህ ሊሰምር ነው! በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ልትሆን ነው፣ አንተ ሰው!"

ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን በመስኮቱ ወደ ላይ እያየ ነበር።

"ወይዘሮ ሳውቴል" አለ። "ዊኒፍሬድ ሳውቴል ያልመረጡበት ዓመት የለም። ልጅ የወለዱ ሳምንት እንኳ ሄደዋል።"

"የሚመርጡት ዊትሎክን ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እዚያ ላይ ያሉት በሙሉ—"

"አውቃለሁ አልኩህ! የደለደልኳቸው እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"ታዲያ ተቀመጥና ፓንኬክህን ብላ። ነገ ኬንድራ ትደውላለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ያንተ ይሆናል።"

አርማንድ ኮቱን አነሳ። ትንሽ ቆመ፤ ሬዲዮዋን አየት አደረጋት። ሲቆም አይቼዋለሁና አላየሁም አልልም። ከዚያ "ጠራራ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ" አለ። "እኔን አምነው ይሆናላ። ተነስ፣ አካፋ ያዝ።"

"እኔ? ወገቤ እኮ—"

"ስድሳን ያለፈ፣ የተማረ፣ ወገቤ የሚል" አለ በሩን እየከፈተ። "ተነስ።"

የአርማንድ ፒክአፕ ከፊቱ በረዶ የሚገፋ ብረት ተገጥሞለታል፤ ብረቱ ዝጓል፣ መኪናው ያስላል። በየመታጠፊያው እየተቀረቀርን እኔ ወርጄ እዝቃለሁ። እዝቃለሁ ስል ክብር እየሰጠሁት ነው። በሙያዬ የለመድኩት ሩዝ የምታህል ነገር በመርፌ ማውጣት ነው፤ በረዶውንም እንደዚያው ነበር የማወጣው። አርማንድ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ማደንዘዣ ወግተኸዋል?" ይለኛል።

ወይዘሮ ሳውቴል ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በራቸው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። የጫማቸው ማሰሪያ ሳይቀር ታስሯል፤ ከንጋት ጀምሮ እንደዚያው ሆነው እንደጠበቁ ያስታውቃል።

"የሬዲዮው ሰውዬ ጠራራ ነው ብሎ ነበር" አሉ።

አርማንድ ኮፍያውን አወለቀ። "የሬዲዮው ሰውዬ እኔ ነኝ፣ እሜቴ።"

"አውቄሃለሁ፤ ድምፅህ መች ይጠፋኛል። ለዚህ አይደል ትናንት ማገዶ ያስገባሁት።"

ደግፈን መኪናው ላይ አወጣናቸው። እኔ ከኋላ፣ ከአካፋው ጋር ተጫንኩ፤ በመሀላችን ያለው መስኮት ስለማይዘጋ ግን ወሬያቸው ይሰማኛል።

"ማንን እንደምመርጥ ታውቃለህ?" አሉት።

"አውቃለሁ።"

"ያን ሽበታሙን ነው። ቁም ነገረኛ ነው።"

"አዎ እሜቴ።"

"አንተ ግን በሬዲዮ ያቺኛዋ ታሸንፋለች ብለህ ተናግረሃል። ሰምቼሃለሁ።"

"ተናግሬያለሁ።"

"እና እኔን ታደርሰኛለህ?"

"ቀበቶዎን ይሰሩ" አላቸው።

እሳቸውን አውርደን ተመለስን፤ ከዚያም ደግመን ተመለስን። ባልና ሚስቱን፣ ጡረታ የወጡትን ቄስ፣ ሽባውን የዛፍ ቆራጭ ከነተሽከርካሪ ወንበሩ። በያንዳንዱ በር ላይ አርማንድ ሲያንኳኳ ቀስ ብሎ "አንድ ለዊትሎክ" ይላል፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ "እንኳን ደህና አደሩ! ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ይልበሱ" ይላል። አንዱ ሽማግሌ በመንገድ ላይ ሙሉ ሰዓት ስትራውድን ሲሰድባት አርማንድ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" እያለ ነዳለት። ከሰዓት በኋላ ላይ ኮረብታው ላይ የቀረ መራጭ አልነበረም። እኔም ወገቤን ይዤ፣ ጎንበስ እንዳልኩ፣ ማዘጋጃ ቤት ገብቼ መጋረጃውን ጋረድኩና ድምፄን ሰጠሁ።

ምሽት ላይ ተቆጠረ። ዌስት ኦርደንን ዊትሎክ በስድስት ድምፅ አሸነፈ።

ግዛቱን በሙሉ ግን ስትራውድ ጠቅልላ ወሰደችው። ነፋሱ እውነትም ዞሮ ነበር! አርማንድ በሕይወቱ አንዴ እውነተኛ ነፋስ አይቶ፣ እሱኑ ከገዛ ከተማው በር ላይ በዛገ ፒክአፕ ገፍቶ መለሰው። ኬንድራ ካስተነበየቻቸው ከተሞች ሁሉ ትንበያው የከሸፈው የኛው ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ ሥርጭት ስልክ ደወለችለት። ዶሪን ሰዉን ሁሉ ጸጥ አሰኘችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍታ አስቀመጠችው።

"አቶ ቲቦዶ፣ ምን ሆኑብን?" አለችው እየሳቀች።

"ተሳሳትኩ" አለ አርማንድ።

ዶሪንና እኔ ተያየን። ይህን ቃል ከዚያ አፍ ሰምተን አናውቅም፤ ባለድንኳኗ ፊት እንኳ "ደመናው ነው የተሳሳተው" ብሎ ነበር የተከራከረው።

"የኮረብታው መንገድ ተዘግቶ ነበር አሉ። ይህ ለስትራውድ አይጠቅምም ነበር?"

"ይጠቅም ነበር።"

"ታዲያ?"

"የኮረብታው ሰዎች ወረዱ።"

"በዚያ በረዶ? እንዴት አድርገው?"

አርማንድ መስኮቱን አየ። "እንጃ። ጠንካሮች ናቸው።"

አፌን ከፈትኩ። ዶሪን ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችው፤ በዚያ የሥራ ጫማዋ፣ አጥንቴ እስኪሰማው ድረስ። አፌን ዘጋሁ። ኬንድራ አመሰገነችው፤ ሐሙስ ሐሙስ የሚባለውን ነገር አላነሳችም። ሰዓቱ ኮምፒውተር ላለው አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው ተሰጠ።

አርማንድ ስልኩን ገፋ አደረገው። ያ ወንበር ላይ ጸጥታ ሲቀመጥ አይቼ ስለማላውቅ ምን እንደማደርገው ጨነቀኝ። ስንት ዓመት "ምነው ይህን ሰው ዝም የሚያሰኝልኝ!" ስል ኖሬ፣ ዝም ሲል ደቂቃ መቋቋም አቃተኝ።

"ቀጥሎ ሳውዝ ካሮላይና ነው" አልኩ። "ነፋሱ እዚያም ይደርሳል ትላለህ?"

ቀና አለ። "ምኑን አውቀህ! ሳውዝ ካሮላይና ሌላ ክፍል ነው። እዚያ ድምፁ ያለው እሁድ እሁድ ኮፍያ የሚያደርጉ ሴቶች እጅ ነው፤ እነሱ ደግሞ የሰው ነፋስ አይነዳቸውም፤ ነፋሱ ራሱ እነሱን ጠይቆ ነው የሚነሳው።" ቀጠለ። ስኳሩን ወጣቶች፣ ጨውን ጡረተኞች፣ ፓንኬክ ላይ የሚፈሰውን የሜፕል ሽሮፕ ጠርሙስ ዊትሎክ አድርጎ ጠረጴዛውን ሞላው። ዶሪን ሳህን የምታስቀምጥበት አጣች።

መሀል ላይ በድንገት ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

"ትናንት ሁሉንም ስቻለሁ፤ እሺ" አለ። "አንድ ሰው ግን አልሳትኩም።"

"ማንን?"

"አንተን! ከገና በፊት ወስነሃል፤ ለዊትሎክ ብዬሃለሁ። ክፍልህን እንደ መዳፌ ነው የማውቀው። በል ካድ እስቲ!"

እንግዲህ እዚህ ላይ ለአንባቢዎቼ ብቻ የምናገረው አለ። አርማንድ ይህን አያነበውም፤ "ጋዜጣ የሚያነቡት ስድሳን ያለፉ የተማሩ ሰዎች ናቸው" ብሎ ይንቀናል። መጋረጃውን ጋርጄ እስክሪብቶውን ስይዝ እውነትም ከገና በፊት ወስኜ ነበር። በመጋረጃው ክፍተት ግን አርማንድ ይታየኛል። መሬት ላይ ተንበርክኮ የወይዘሮ ሳውቴልን የጫማ ማሰሪያ ያጠብቃል፤ እሳቸው ጠዋት ከራሱ ትንበያ ላይ አንድ ድምፅ ቀንሰውበት፣ አሁን ወደ ቤታቸው ሊመልሳቸው። እጄ ሄዶ ሄዶ ስትራውድ ላይ ምልክት አደረገ። ስለ ድዷ አይደለም። ሰውዬው በስምንት ድምፅ ከሚሸነፍ በስድስት ይሁንለት ብዬም አይደለም፤ ሒሳቡን በኋላ ነው ያሰብኩት። ዝም ብሎ፣ ያን ቀን በከተማው ውስጥ አንድ ሰው ከአርማንድ ጎን መቆም አለበት መሰለኝ። በዚህም በዕድሜው በትክክል የተነበየውን ብቸኛ ነገር በገዛ እጄ አበላሸሁበት።

ዶሪን የቡና ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ፊቴን እያየች ነበር። የሆነ ነገር የገባት ይመስለኛል።

አርማንድ እንደ ልጅ ዓይኑን አፍጥጦ መልሴን ይጠብቃል።

"ምን ብዬ እክዳለሁ" አልኩት። "እኔን ማወቅ መቼም ቀላል ነው።"